ወደ እኛ መልሰው

[ፀጉር ቤት። ሊቁ ምላጭ ይስላል። የሚስቱ ወንድም አናጢው፣ ግድግዳው ላይ በተለጠፈ የጋዜጣ ቁራጭ ፊት አንገቱን አዘንብሎ ቆሟል።]

አናጢው፦ ጠማማ ነው አልኩህ፣ ጋሼ።

ሊቁ፦ ጠማማ አይደለም። ታሪክ ነው።

አናጢው፦ ታሪክም ይሁን ማገር፣ ይሄ መስመር ውኃ ልክ አላየም።

«ሊቁ» የሚለውን ስም ለፀጉር ቆራጩ ያወጡለት ደንበኞቹ ናቸው። ምላጭ አንገታቸው ላይ ይዞ የሚያስተምራቸውን ሰው ሌላ ምን ይበሉት? እሱ ግን ስሙን ከልቡ ተቀብሎት ነበር። የጋዜጣው ቁራጭ ደግሞ ዋና መጽሐፉ ነው፤ የሀገሩ ገንዘብና ከወንዙ ማዶ ያሉት ሰዎች ገንዘብ ስልሳ ዓመት ሙሉ በስንት ሲመነዘር እንደኖረ ያሳያል። መስመሩ ከታች ተነስቶ ሽቅብ ይወጣል። ሊቁ ይህን ባየ ቁጥር ደረቱ ይነፋል።

ሊቁ፦ እየውልህ፤ እዚች ጋ ስትደርስ መንግሥት ዋጋውን ለገበያ ለቆ ገንዘቡን አንሳፈፈው።

አናጢው፦ ወረቀት አይደል፣ ይንሳፈፋል። ለሳንቲሙ ነው የፈራሁት።

ሊቁ፦ ዝም ብለህ ስማ። በአባቶቻችን ጊዜ ሁለት ነበር። ከዚያ አምስት፣ ከዚያ አሥራ ስምንት፣ ዛሬ አርባ። እስቲ ፍረድ፤ ሁለት የነበረ አርባ ሲሞላው ምን ይባላል?

አናጢው፦ አረጀ።

ሊቁ ምላጩን አስቀምጦ ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰ። ሚስቱ ይህን ወንድሟን ስለምትወደው ነው እንጂ፣ እንዲህ ያለውን ሰው ማስተማር ድንጋይ ላይ ውኃ ማፍሰስ ነው ይል ነበር በሆዱ።

ዛሬ የጠራው ግን ሊያስተምረው አልነበረም፤ ቸግሮት ነው። የፀጉር ቤቱ ባለቤት ክፍሉን ሊሸጥ አስቦ «ወይ ግዛ፣ ወይ ልቀቅ» ብሎታል። ከሁለት ዓመት በፊት አማቱ የድሮ ቤታቸውን ለአንድ የማዶ ሰው ሸጠው፣ የተከፈላቸውን የማዶ ገንዘብ ለሴት ልጃቸውና ለወንድ ልጃቸው እኩል አካፍለው ነበር። ሊቁ የሚስቱን ድርሻ በዚያው ሳምንት በአሥራ ስምንት መነዘረው። «የኛ ገንዘብ ሽቅብ እየወጣ የነሱን አቅፎ መተኛት ሞኝነት ነው» ብሎ ነበር ያን ጊዜ። አሁን ያ ገንዘብ የክፍሉን ግማሽ እንኳ አይገዛም። ለምን እንደማይገዛ ሊቁ አልጠየቀም፤ ነገሩን በነጋዴዎች ስግብግብነት አላከከው። የቀረውን ከአናጢው ሊበደር ነው ሐሳቡ።

ሊቁ፦ ለመሆኑ ያን ጊዜ «ገንዘቡን ቶሎ ወደ እኛ መልሰው» ብዬህ ነበር። መለስከው?

አናጢው፦ በዚያው ቀን።

ሊቁ፦ ጎበዝ። በስንት?

አናጢው፦ በስምንት ሰዓት መሰለኝ። ከምሳ በኋላ ነው።

ሊቁ፦ ሰዓቱን ማን ጠየቀህ? የት ምንዛሪ ቤት ሄድክ?

አናጢው፦ የምን ምንዛሪ ቤት? ወደ እኛ ነዋ፣ ወደ እኛ ቤት። ከእናቴ ሳጥን አውጥቼ መሰንጠቂያ ማሽን ልገዛበት ነበር። አንተ መልሰው ስትለኝ እዚያው ሳጥኑ ውስጥ መለስኩት።

[ሊቁ የደንበኛ ወንበር ላይ ዘጭ ይላል።]

ጭንቅላቱን ይዞ «ይሄ ሞኝ ሁለት ዓመት ሙሉ ዕድሉን ሳጥን ውስጥ ቆለፈበት» እያለ ተብሰለሰለ። ከዚያ የአናጢውን እጅ ይዞ ወደ አማቱ ቤት፣ ከዚያም ገንዘቡን አስወጥቶ ወደ ምንዛሪ ቤት ወሰደው። በመንገድ ላገኙት ሰው ሁሉ የአማቹን የዋህነት ሲያወራ፣ አናጢው እሺ እያለ ከኋላ ይከተል ነበር።

ምንዛሪ ቤት ያለችው ልጅ የማዶውን ገንዘብ ተቀብላ ቆጠረችና የራሳቸውን በእስር በእስር ትደረድር ጀመር። ክምሩ መስኮቱን ሲሞላ ሊቁ ጎንበስ አለና ድምፁን ዝቅ አድርጎ አናገራት።

ሊቁ፦ የኔ ልጅ፣ ተሳስተሻል። ኋላ ከደመወዝሽ እንዳይቆርጡብሽ።

ልጅቷ፦ አልተሳሳትኩም፣ አባባ። ለአንድ የነሱ አርባ የኛ ነው።

ሊቁ፦ እንዴ፣ ያደገው እኮ የኛ ነው።

ልጅቷ፦ ያደገው ቁጥሩ ነው። ድሮ አንዱን የነሱን ሁለት ከፍለው ይገዙት ነበር፤ ዛሬ አርባ ይከፍላሉ። ቁጥሩ ሽቅብ ሲወጣ የኛ ረከሰ ማለት ነው።

ሊቁ ፀጉር ቤቱ ወንበር ላይ ስንቱን ሰው «ገንዘባችን አደገ፣ እንኳን ደስ ያለህ» ብሎ እንደሸኘ ትዝ ሲለው፣ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠው በወደደ። አናጢው ደግሞ ገንዘቡን በኮቱ ጠቅልሎ፣ ዓይኑ እንባ አቅርሮ እጁን ጨበጠው።

አናጢው፦ ጋሼ፣ አንተ ባትመክረኝ እኮ ያኔውኑ መንዝሬ ጨርሼው ነበር። ሊቅ ማለት አንተ ነህ።

«አላልኩህም?» የምትለው ቃል ሊቁ ምላስ ጫፍ ላይ ደረሰች። ሊላት አፉን ሲከፍት ግን ሳቅ ቀደመው፤ የምንዛሪ ቤቱ ወረፋ ዞሮ እስኪያየው በራሱ ሳቀ። ማታ ለሚስቱ እሱ ራሱ ነገራት። ሆዷን ይዛ ሳቀች፤ ከዚያ ድርሻዋ ትዝ አላትና ራት እስኪያልቅ አላናገረችውም።

ክፍሉን አናጢው ገዛው።

[ፀጉር ቤት፣ በሳምንቱ። አናጢው የበሩን ማጠፊያ ይጠግናል። ሊቁ አጠገቡ ቆሞ ጉሮሮውን ይጠርጋል።]

ሊቁ፦ እንግዲህ ባለቤቱ አንተ ነህ። ኪራዩን ስንት ታደርገዋለህ?

አናጢው፦ ከእህቴ ባል ኪራይ ልቀበል? ነውር ነው፣ ጋሼ። በኪራዩ ፋንታ በየወሩ አንድ አንድ ምክር ስጠኝ።

[ሊቁ አሰብ ያደርጋል። ከዚያ እጁን ኪሱ ውስጥ ይከታል።]

ሊቁ፦ የለም ወንድሜ፣ በጥሬ ገንዘብ እከፍልሃለሁ። የኔን ምክር ስትሰማ ከከረምክ ሁለታችንም በረንዳ አዳሪ ነን።