አንድ ነገር ልጠይቅህና ልተውህ

ውጭ አገር የሚሠራ ሰው ሁሉ ቤተሰቡ ውስጥ አንድ መርማሪ አለው። ፖሊስ ቢይዝህ ጠበቃ ትጠራለህ፤ ከዚህ ሰው እጅ የሚያስጥል ጠበቃ ግን ገና አልተወለደም። የእኛ ቤት መርማሪ ክብርት አክስቴ ወይዘሮ ይመኙሻል ናቸው። እስራኤል፣ ቂርያት ጋት ከተማ፣ አራተኛ ፎቅ፣ ኩሽናቸው ውስጥ ቁጭ ብለው፣ ቬትናም፣ ሃኖይ ከተማ እንግሊዝኛ የማስተምረውን እኔን በስልክ ያስተዳድሩኛል።

ምርመራው ሁልጊዜ የሚጀምረው በአንድ ቃል ኪዳን ነው። «ሃሬል፣ አንድ ነገር ልጠይቅህና ልተውህ» ይላሉ። እስካሁን ትተውኝ አያውቁም።

መጀመሪያ ሥራዬ ራሱ አልዋጥላቸው ብሎ ነበር። «እንግሊዝኛው የእንግሊዞች ነው፣ ተማሪዎቹ የቬትናም ልጆች ናቸው፣ አንተ የቂርያት ጋት ልጅ ነህ። በየት በኩል ተገናኛችሁ?» አሉኝ። ስለ ዓለም ንግድ፣ ስለ ኮምፒዩተር፣ ስለ ቱሪስት ረጅም ማብራሪያ ሰጠሁ። በትዕግሥት ሰምተው ሲያበቁ፣ «እሺ፤ ጸጉርህን ማን ይቆርጥሃል?» አሉ። ቀጥለው አልጋዬን በስልኩ እንዳሳያቸው አዘዙኝ፤ እግሬን ወደ በሩ አድርጌ እንደምተኛ ባዩ ጊዜ «የሬሳ አተኛኘት!» ብለው ደነገጡ። አልጋውን እየገፋሁ ሳዞር እሳቸው ከቂርያት ጋት «ትንሽ ወደ ግራ» ይሉኝ ነበር።

ሌላ ጊዜ ደግሞ «ብትታመም በርህን የሚያንኳኳ ማነው?» አሉኝ። ከጎኔ ላን የሚባሉ ባልቴት እንደሚኖሩ ነገርኳቸው። «አቅርባቸው» አሉ። አቀረብኳቸው። አክስቴ በአማርኛ፣ ቃሉን እያስረዘሙና ድምፃቸውን ከፍ እያደረጉ ይጠይቃሉ፤ ላን በቬትናምኛ ይመልሳሉ፤ ሁለቱም ይስቃሉ። የቋንቋ መምህሩ እኔ መሀላቸው ስልክ ተሸክሜ ቆሜያለሁ። ሲጨርሱ አክስቴ «ደግ ሴት ናቸው፤ ጉልበታቸውን ግን ያማቸዋል» አሉኝ። በማግስቱ በተሰባበረች ቬትናምኛዬ ላንን ብጠይቃቸው እውነት ሆኖ ተገኘ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ላን በየጠዋቱ በሬን ያንኳኳሉ፤ ማታ ማታ ደግሞ በአክስቴ ትእዛዝ እኔ የእሳቸውን አንኳኳለሁ። ታምሜ አላውቅም፤ እንቅልፍ ግን አልጠግብም።

እንዲህ የተሰበሰበው መረጃ አይባክንም። የአክስቴ ልጅ ሺራን እንደነገረችኝ፣ እናቷ ጤና ጣቢያ ወረፋ ሲበዛባቸው ጸሐፊዋን «ቬትናም እንኳ እንዲህ የለም» ይሏታል።

ከሁሉም የባሰው የሰንበት ጉዳይ ነበር። «ዓርብ ማታ ዳቦውን ማን ይባርክልሃል?» አሉኝ። «ማንም፤ ብቻዬን ነኝ» አልኳቸው። ሰው ለብቻው ቆርሶ ለብቻው ሊበላ! ይህ በአክስቴ ቤት የሚታለፍ ነገር አይደለም። ባላቸው ጋሽ ረዳ በስልክ እንዲባርኩልኝ ተወሰነ። ሺራን ግን ሃኖይ ላይ ፀሐይ ቀድማ እንደምትጠልቅ፣ የእነሱ ሰንበት እስኪደርስ ከተጠበቀ የእኔ ገብቶ ስልክ መንካት እንደማልችል አስረዳች። አክስቴ አላመነቱም። ሰንበቱን ወደ ዓርብ ቀትር አመጡት። በዚያ ሰዓት ጋሽ ረዳ የኢንዱስትሪ ቀጠናው ውስጥ ሚሽመሬታቸውን፣ የቀን ፈረቃቸውን፣ ገና ስላልጨረሱ፣ ከፋብሪካው ምሳ ቤት በስልክ ይገባሉ። ዳቦው ኩሽና ነው፣ ባራኪው ፋብሪካ፣ በዪው ሃኖይ። እኔ ከመንገድ የገዛሁትን ዳቦ ይዤ አሜን እላለሁ። ማታ ደግሞ የእነሱ እውነተኛ ሰንበት ሲገባ፣ እቤታቸው ያለ እኔ ሁሉም እንደ አዲስ ይደገማል። «እግዚአብሔርም ሳይታዘበን አይቀርም» ይላሉ ጋሽ ረዳ። አንድም ዓርብ ግን ቀርተው አያውቁም። ያን ዳቦ ስበላ ብቸኝነት ተሰምቶኝ አያውቅም፤ ስለዚህም ሁለቱንም ከልቤ አመሰግናቸዋለሁ።

ይህን ሁሉ የሚጠይቁ ሴት ታዲያ አንድ ነገር ጠይቀውኝ አያውቁም። መቼ ትመጣለህ አይሉኝም።

መጀመሪያ ግልግል ነው ብዬ ነበር። በኋላ ከነከነኝ። ትምህርት ቤቱ ሌላ ሁለት ዓመት እንድፈርም ጠየቀኝና ለአክስቴ ነገርኳቸው። ልቤ «ግባ፣ ና፣ ይበቃሃል» እንዲሉኝ ይጠብቅ ነበር። እሳቸው «ክፍልህ ያው ነው ወይስ ይቀይሩሃል?» አሉኝ። ከፋኝ። ለፔሳሕ በዓል ስመጣ አብረን በረንዳ ላይ ቆመን ካርሜ ጋት በሚባለው አዲስ ሰፈር የሚሠሩትን ፎቆች አየን። «ያኛው አለቀ» አሉና ወደ ኩሽናቸው ገቡ። ወደ ሃኖይ ስመለስም ፓስፖርቴን፣ ውሃዬን፣ ካልሲዬን ጠየቁኝ እንጂ ሌላ ነገር የለም።

ባቡር ጣቢያ ያደረሰችኝ ሺራን ነበረች። ብሶቴን ነገርኳት። «እናትሽ ስመጣም ስቀርም ግድ የላቸውም» አልኳት።

መኪናዋን አቆመች። «ዳይ፣ በቃ፣ ሃሬል፣ ምንም አታውቅም እንዴ? እማዬ በፈረንጆቹ ዘጠና አንድ ወደ እስራኤል ስትመጣ እናቷ ጎንደር ቀረች። ስልክ በተገኘ ቁጥር ‹መቼ ነው የምትመጪው?› ነው የምትላት። እማዬ ምን ብላ ትመልስላት? መልስ ስታጣ መደወል ፈራች። ዛሬ ነገ ስትል እናቷ ሞተች። ያን ጥያቄ ለማንም አትጠይቅም። ‹ሃሬልም ስልኬን ማንሳት ይፈራል› ብላ ነው፣ ቤሴደር፣ ገባህ?»

ባቡሩ ተነሣ፤ ፋብሪካዎቹ በመስኮቱ አለፉ። ለካ እነዚያ ሁሉ ጥያቄዎች የዚያችን የአንዷን ቦታ ለመሸፈን ነበር የሚግተለተሉት። ስልኬን አውጥቼ ደወልኩ።

«ምን ረሳህ?» አሉኝ።

«ምንም። እትዬ፣ አልፈርምም። ሰኔ ላይ ትምህርቱ ሲያልቅ ጓዜን ጠቅልዬ እመጣለሁ።»

ሳውቃቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ክብርት ወይዘሮ ይመኙሻል አፍንጫቸውን ሲጠርጉ ሰማሁ።

«ማን ጠየቀህ?» አሉኝ።

«ማንም አልጠየቀኝም።»

ወዲያው የመርማሪነት ድምፃቸው ተመለሰ።

«ሃሬል፣ አንድ ነገር ልጠይቅህና ልተውህ።»

«ይጠይቁኝ፣ እትዬ።»

«አንተ ስትመጣ፣ የላንን በር ማን ያንኳኳላቸዋል?»