ከጋቢና የተደረገ ሽምግልና

አዲስ አበባ ውስጥ የተበላሸ ነገር ብቻውን ቆሞ አያውቅም። ኮፈኗን ከፍታ የቆመች መኪና፣ የሚያንጠባጥብ ቧንቧ ወይም አልበራ ያለ አምፖል ይኑር እንጂ፣ ከየት እንደመጣ የማይታወቅ ሰው እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ አጠገቡ ይገተራል። ማንም አልጠራውም። ጥቂት ያያል፣ ራሱን ይነቀንቃል፣ ከዚያም ሰፈሩ ሁሉ የሚፈራውን ቃል ይናገራል፦ «ይሄ እኮ ቀላል ነገር ነው!»

በኮልፌ 18 ማዞሪያ ይህን ሥልጣን የያዙት ክቡር ሊቀ መፍቻ አቶ ይገዙ ናቸው። ማዕረጉን የሰጣቸው መንግሥትም ቤተ ክህነትም አይደለም፤ ጎረቤታቸው ሮቤራ ነው፣ ያውም በሆዱ። ሊቀ መፍቻ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ የዕቃ ግምጃ ቤት ኃላፊ ነበሩ። ዕድሜ ልካቸውን መፍቻ ለሌላው ሲያድሉ ኖረው፣ ጡረታ ሲወጡ «አሁን ተራው የእኔ ነው» አሉ።

የእትዬ አጸደን የደጅ ደወል ሠሩላቸው። ከዚያን ቀን ጀምሮ ደወሉ ሲጫን የጎረቤት መብራት ይጠፋል፤ እትዬ አጸደም እንግዳ መምጣቱን የሚያውቁት ጎረቤታቸው ሲራገም ነው። የባለ ሱቋን የማራኪን ፍሪጅ ጠገኑ፤ ማራኪ አሁን ፍሪጁ ውስጥ ሊጥ ታስቀምጣለች፣ ቶሎ ይቦካላታል። የዕድሩን ድምፅ ማጉያም ነካክተውት ሬዲዮ መያዝ ጀምሯል። ባለፈው በሐዘን ድንኳን ውስጥ የዕድሩ ዳኛ አቶ አምሐ «ነፍስ ይማር» ከማለታቸው ማጉያው «ጎል!» ብሎ ጮኸ። ግማሹ ለቀስተኛ ለቅሶውን አቋርጦ ማን እንዳገባ ጠየቀ።

ሊቀ መፍቻ ግን በሥራቸው ተጸጽተው አያውቁም። «እኔ ስሄድ ደህና ነበር» ይላሉ፤ ከእሳቸው በኋላ የነካካው ሰው አለ ማለታቸው ነው።

ሮቤራ በዕድሜ የምትበልጠው አሮጌ መኪና አለችው። የጋቢናዋ በር ከክረምቱ ወዲህ ዝጎ ከውጭ አልከፈት ብሎ ነበር። ይህን ጉድ ከሊቀ መፍቻ ለመሸሸግ መኪናዋን ሁልጊዜ በዚያ በኩል ከግድግዳ አጣብቆ ያቆማት ነበር። በዚያ እሑድ ጠዋት ግን መሸሸግ አልቻለም፤ ጋቢና የሚቀመጡት ራሳቸው አቶ ይገዙ ናቸዋ!

ነገሩ እንዲህ ነው። ሮቤራ የዓለም ባንክ ሰፈሯን ልጅ ሌሊሴን ሊያገባ ይፈልጋል። ሌሊሴም ትፈልገዋለች። ያልፈለጉት አባቷ አቶ ወዬሳ ናቸው። «ጨዋ ልጅ ነው ይሉታል፤ ግን ሰው የለውም» ብለዋል። «እናትና አባቱ አልፈዋል፣ ዘመድ አይታይበትም። ነገ ቢጣሉ ልጄ ለማን አቤት ትላለች? እስቲ ሽማግሌ ይላክና የሚመጣለትን ሰው እናያለን።» ሌሊሴም በስልክ አስጠንቅቃዋለች፦ «አባዬ አንዴ እምቢ ካለ አለቀ። ደህና ሰው ላክ፣ ስሞትልህ!»

ስለዚህ ሮቤራ አንደበት ያለው ሰው ፈለገ። በሰፈሩ ደግሞ ሊቀ መፍቻን በአንደበት የሚስተካከል አልተወለደም። መምሬ ሰይፈሥላሴና አቶ አምሐ ተጨመሩ፣ መሪው አቶ ይገዙ ሆኑ።

በቀጠሮው ሰዓት አቶ ይገዙ ነጭ ለብሰው፣ ከዘራቸውን ይዘው ብቅ አሉ። የጋቢናውን እጀታ ሳቡት። ንቅንቅ አላለም። ሮቤራ ሊቀድማቸው ሮጠ፤ አልደረሰም።

«ይሄ እኮ ቀላል ነገር ነው!»

«ጋሼ፣ ለዛሬ ይቅር። ከኋላ ይቀመጡ፣ በእናትዎ!»

«የሽማግሌ መሪ ከኋላ? ካቻቢቴ አምጣ!»

ሽቦ አስገቡ፣ ዘይት አንጠባጠቡ፣ ከበሩ ሆድ ውስጥ አንዲት ትንሽ ብረት አውጥተው «ይቺ ትርፍ ናት» ብለው ወረወሯት። በሩ ተከፈተ። ሮቤራ ዓይኑን ማመን አቃተው። አቶ ይገዙ ገቡ፣ በሩን ዘጉት፣ ጉዞ ተጀመረ።

ዓለም ባንክ ከአቶ ወዬሳ ደጅ ሲደርሱ መምሬና አቶ አምሐ ከኋላ ወረዱ። አቶ ይገዙ የውስጡን እጀታ ሳቡ። በሩ አልሰማቸውም። በትከሻቸው ገፉት፤ መኪናዋ ተወዛወዘች፣ በሩ ግን እንዳለ ነው። ሮቤራ ወርዶ በውጭ በኩል ሞከረ፤ ወይ ፍንክች። ተመልሶ ሹፌሩ ወንበር ላይ ተቀመጠ።

«ጋሼ፣ በእኔ በኩል ይውጡ።»

አቶ ይገዙ ማርሹን አዩት፣ ቀጥሎም ሆዳቸውን አዩት። «ልጅ ሊጠይቅ መጥቶ በሹፌር በር እየዳኸ የወጣ ሽማግሌ፣ ልጅ ቀርቶ ውሃም አይሰጠው!»

ይህን ሲነጋገሩ ግቢው ተከፈተና አቶ ወዬሳ ዘመድ አዝማዳቸውን አስከትለው ወጡ። ሽማግሌ ልኮ አብሮ መታየት ነውር ነው፤ ሮቤራ ከመኪናዋ መሪ ሥር ተቀበረ።

«ግቡ እንጂ፣ ምነው ደጅ ቆማችሁ?»

«እንገባለን» አሉ አቶ ይገዙ፣ ከግማሽ በላይ በማይወርደው መስታወት አፋቸውን አውጥተው። «ይህ በር ትንሽ አስቸግሮን ነው። ዛሬ ጠዋት በገዛ እጄ ሠርቼው ነበር፤ ምን እንደነካው እንጃ።»

አቶ ወዬሳ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣመሩ። በሩን ጥቂት አዩት። ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ይሄ እኮ ቀላል ነገር ነው!» አሉ።

ሮቤራ ከመሪው ሥር ዓይኑን ጨፈነ። አማት አገኛለሁ ሲል ሁለተኛ ሊቀ መፍቻ ሊመጣበት ነው።

ከዚያማ ማን ያስቁማቸው! አንደኛው ከውስጥ፣ ሌላኛው ከውጭ ሆነው አንዱን በር ይታገሉት ጀመር። ወንበር ወጣ፤ መምሬና አቶ አምሐ ግን እንደ ወጉ «ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም» ብለው ፀሐይ ላይ ቆሙ። አቶ ወዬሳ ቀና ብለው አዩዋቸው።

«ሁለቱ ቆመዋል፣ መሪያቸው ተቀምጠዋል። ይህ የየት አገር ሽምግልና ነው?»

«እኔም እንደቆምኩ ይቆጠርልኝ፤ ያስቀመጠችኝ መኪናዋ ናት» አሉ አቶ ይገዙ። ሰዓቱም እየሄደ ነውና ንግግራቸውን እዚያው ጀመሩት። «እንግዲህ የመጣንበት ጉዳይ፣ ልጃችን ሮቤራ…»

«ወደ ላይ ያንሱት!»

«አንስቼዋለሁ። ልጅዎን ሌሊሴን…»

«አሁን ይግፉ!»

«…ለትዳር እንዲሰጡን…»

ቀጭ አለ። እጀታው ተነቅሎ አቶ ወዬሳ እጅ ላይ ቀረ።

«ያ ዋቃዮ!» አሉ አቶ ወዬሳ፣ ፈጣሪያቸውን ጠርተው። የመንደሩ ሰው ተሰብስቦ ያያል። የእንግዳ መኪና እጀታ ነቅለው፣ በገዛ ደጃቸው፣ በሰው ፊት! ደማቸው ፈላ። «ለመሆኑ ይህን በር መጀመሪያ የነካካው ማነው? ይሄ የደህና ሰው ሥራ ነው?»

አቶ ይገዙ ከመስታወቱ ሸሽተው ወደ ወንበራቸው ተመለሱ። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት መሪው ሽማግሌ ከተዋረዱ ጉዳዩም አብሮ መውደቁ ነው። ሮቤራ ቀና ብሎ አያቸው። ፊታቸው ላይ እንዲህ ያለ ድንጋጤ አይቶ አያውቅም። ወጉንም፣ ነውሩንም ረሳና ከመሪው ሥር ብቅ አለ።

«እኔ ነኝ የነካካሁት። ጋሼማ ተው ብለውኝ ነበር።»

መምሬ አማተቡ። ሌሊሴ ከአጥሩ ኋላ ነጠላዋን አፏ ላይ ጫነች።

«አንተ ደግሞ ማነህ?»

«ሮቤራ።»

«እሳቸው አሁን በገዛ እጄ ሠራሁት አላሉም?»

ሮቤራ ላብ አጠመቀው። «እጁ የሳቸው ነው… ጥፋቱ ግን የእኔ ነው።»

አቶ ወዬሳ አንዴ ልጁን፣ አንዴ ሽማግሌውን አዩ። «ለእርስዎ ምንዎ ነው?» አሉ።

«ጎረቤቴ ነው» አሉ አቶ ይገዙ። ያ ሁሉ አንደበት የት እንደገባ እንጃ። «እናቱ ካረፈች ወዲህ ማታ ማታ እኔ ቤት ነው የሚበላው። ያው… ልጄ ነው።»

አቶ ወዬሳ እጀታውን እጃቸው ላይ ሲያገላብጡ ቆዩ።

«ሰው የለውም ብለውኝ ነበር» አሉ። «ሰው የሌለው እንዲህ ዓይኑን አፍጥጦ ለማን ብሎ ይዋሻል? ሰጥቻለሁ፣ ግቡ።»

እልልታው ቀለጠ። መምሬና አቶ አምሐ ገቡ። አቶ ይገዙ ግን በሩ አሁንም እምቢ ብሏቸው ከተቀመጡበት አልተነሱም፤ ሌሊሴ ምግቡን በሰሃን ይዛ መጥታ በመስታወቱ ክፍተት አጋድማ አሳለፈችላቸው። ሮቤራም አጠገባቸው እንደተቀመጠ ነው፤ ጥሏቸው አይገባ ነገር!

አቶ ይገዙ ትልቅ ጉርሻ ጠቅልለው አጎረሱት። ሮቤራ አላምጦ ሳይጨርስ አንድ ነገር ወሰነ፤ ከሌሊሴ ጋር የሚኖሩበት ቤት አጥሩ ከኚህ ሰውዬ አጥር የተያያዘ መሆን አለበት። ቤቱን እየነካኩ አንድ ቀን እንደሚያፈርሱት ያውቃል። ይፍረስ፣ አለ በሆዱ።