ምስጢር የማይቋጥር ፊት

ስለ ጥንቁቅነት እኔን ጠይቁኝ ብል ባለቤቴ ትስቃለች። ትሳቅ። በደርግ ዘመን አራዳ ውስጥ ኖሬ፣ ፒያሳ ሰዓት ቤት ተቀጥሬ፣ ደንበኛው ሁሉ የሆዱን ሲዘከዝክ እየሰማሁ ምላሴን ጠብቄ የኖርኩ ሰው ነኝ። ያኔ አደባባይ ላይ ሰው ሁሉ ዝም ይል ነበር፤ ዝም ያለው ሁሉ ግን ጥንቁቅ እንዳይመስላችሁ። አንዳንዱ ፈሪ ነው፤ አንዳንዱ ደግሞ መጀመሪያውኑ የሚያወራው የለውም። ጥንቁቅ ማለት የቱን ነገር ለማን እንደማይናገር የሚያውቅ ነው። ይቺን የተማርኩት ተዋርጄ ነው።

ዶሮ ማነቂያ ሰፈር፣ ግድግዳ የምንጋራቸው እትዬ በላይነሽ የሚባሉ ሴት ነበሩ። አንድ ልጃቸው ታደሰ ለብሔራዊ ውትድርና ደርሷል። ቀበሌው ወጣቱን እያፈሰ ወደ ጦር ሜዳ በሚልክበት ሰሞን እትዬ በላይነሽ፣ «ጅማ አጎቱ ዘንድ ሥራ ተገኘለት» አሉን። ሻንጣውን እስከ ታክሲው የተሸከምኩለት እኔ ነኝ። ስለ ጅማ ዝናብ ብዙ መክሬ፣ ጉንጩን ስሜ ሸኘሁት። ጅማን አይቼ አላውቅም፤ ምክር ግን አያልቅብኝም።

በሁለተኛው እሁድ የቀበሌው ሊቀ መንበር ስብሰባ ላይ፣ «የበላይነሽ ልጅ የት ገባ?» አሉ። እትዬ በላይነሽ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ያዙ። እኔ ሆዬ ዘልዬ ተነሣሁ።

«ጓድ ሊቀ መንበር፣ ጅማ ነው! ሻንጣውን ተሸክሜ የሸኘሁት እኔው ራሴ ነኝ! ካስፈለገም እፈርማለሁ!»

ሊቀ መንበሩ ፊቴን ትክ ብለው አዩና ስሙን ከዝርዝሩ ሰረዙት። ስንወጣ ጎረቤቱ ሁሉ ትከሻዬን ቸብ ቸብ አደረገኝ። ኩራቴን ምን ልደብቃችሁ!

ከወር በኋላ ጉንፋን ጥሎኝ በምሳ ሰዓት ከሥራ ብመለስ፣ ታደሰ ቤቴ ውስጥ ወንበሬ ላይ ተቀምጦ ምሳ ይበላል።

«ጅማ አይደለህም እንዴ?» አልኩት። ጉርሻው አፉ ውስጥ ቀረ።

ባለቤቴ በሩን ዘጋች። «ጅማ የሚባል አልሄደም። ያንኑ ዕለት ከአውቶቡስ ተራ ተመልሶ እናቱ ቁም ሣጥን ጀርባ ነው ያለው። ግቢው በሙሉ በየተራ ያበላዋል። ዛሬ ተራው የኛ ነው።»

«እና እኔስ? እኔ ምስጢር አልጠብቅም?»

«አንተማ ትጠብቃለህ። ፊትህ ነው የማይጠብቀው። ነግረንህ ቢሆን ኖሮ ያን እሁድ ይሄ ልጅ ተበልቶ ነበር።»

ተናደድኩ፤ አፈርኩም። ለካ ግቢው ሲመክር መሣሪያው እኔ ኖሬያለሁ! ግን ልጁ ፀሐይ አጥቶ፣ ገርጥቶ፣ ከስቶ ሳየው ንዴቴ የት እንደገባ እንጃ።

«እንግዲህ ካወቅህ፣» አለች ባለቤቴ፣ «ከዛሬ ጀምሮ እሁድ እሁድ በሽተኛ ነህ። ስብሰባ የለም።»

አፈሳው ጋብ እስኪል ስድስት እሁድ ታመምኩ። ከዚያ ታደሰ «ከጅማ መጣ» ተባለ፤ ግቢው ነቅሎ ወጥቶ እንኳን ደህና ገባህ አለው። እትዬ በላይነሽ እኔን አቅፈው አለቀሱ።

ብቻችንን ስንቀር ባለቤቴን፣ «እስቲ እውነቱን ንገሪኝ፤ እኔ የማላውቀው ሌላ ነገር አለ?» አልኳት።

«ወጡ ሳይቀዘቅዝ ብላ» አለችኝ።