ሆን ተብሎ የሰጠመች ጀልባ

አሮጌውን ለመናቅ የምንቸኩለውን ያህል አዲሱን ለመመርመር ብንቸኩል ኖሮ ስንት ጉድ በቀረ! ሌላ ሰው አላማም፤ የማወራችሁ ስለ ራሴ ነው።

በደርግ ጊዜ ከሽንፋ ወንዝ ማዶ፣ በገለጉ በኩል አስተማሪ ነበርኩ። ተማሪዎቼ የሚቀመጡት ድንጋይ ላይ ነው። ጽሕፈት ስለምችል የገበሬ ማኅበሩም ጸሐፊ አድርጎኛል። ታዲያ አንድ በጋ ወደ ወንዙ ወርጄ ሳይ፣ በክረምት ሰው የምታሻግረው የአያ እድሪስ የእንጨት ጀልባ ድንጋይ ተጭኖባት ከወንዙ ገባ ያለ ኩሬ ሥር ተኝታለች። ባለቤቷን ልጠይቅ? ምን በወጣኝ! «ጀልባዋ ሰጥማለች፤ አዲስ ይፈቀድልን፤ የአሮጌዋ ጣውላ ለትምህርት ቤቱ አግዳሚ ወንበር ይሁን» ብዬ ለወረዳው ጻፍኩ። ከመጠምጠም መማር ይቅደም የተባለው ለእንደኔ ዓይነቱ ነው።

አዲሲቱ ግንቦት ላይ መጣች። ነጭ፣ የፋብሪካ፣ ሁለት ሰው ብድግ የሚያደርጋት። ሪባን ተቆረጠ፣ መፈክር ተሰማ። አያ እድሪስ ጎኗን በጣታቸው ኳ ኳ አደረጉና፣ «መምህር፣ ይቺ እኮ የጎን አጥንት የላትም» አሉኝ።

«እርስዎ ደግሞ! ከፋብሪካ በላይ ያውቃሉ?» አልኳቸው። እስካሁን ትዝ ሲለኝ ፊቴን ያቃጥለኛል።

ሰኔ ገባ። የስምንተኛ ክፍል ሚኒስትሪ የሚሰጠው ሸሕዲ ነው፤ ያመለጠው ልጅ ዓመት ይጠብቃል። አሥራ አንድ ተማሪ አስከትዬ በዋዜማው ጠዋት ወንዙ ዳር ስደርስ፣ ደራሽ ያመጣው ግንድ አዲሲቱን እንደ ቅል ፈርክሷታል። ወንዙ ደግሞ በእግር የሚሞከር አይደለም።

«አለቅን፣ አያ እድሪስ!»

«ምነው መምህር፣ ምን ያስጮህሃል?» አሉና ሽርጣቸውን ሰብስበው ኩሬው ውስጥ ገቡ። «ልጆች፣ ድንጋዩን አንሱልኝ።»

ድንጋዩ ተነሳ፣ ውሃው ተጨለፈ። ሞታለች ያልኳት ጀልባ ብድግ አለች!

«እንጨት በበጋ ፀሐይ ከከረመ ይሰነጠቃል፤ ውሃ ውስጥ ከከረመ ግን እርስ በርሱ ይገጥማል። በየዓመቱ የማሰጥማት ለዚሁ ነው» አሉኝ። «ብትጠይቀኝ እነግርህ ነበር።»

በሁለት ዙር አሻገሩን። ጠብ ያለ ውሃ የለም። ልጆቹም ለፈተናው ደረሱ።

ስለ አሮጌዋ ጣውላ የጠየቅኩት መልስ ግን ታኅሣሥ ላይ መጣ፦ ጀልባዋ ወጥታ፣ ተሰንጥቃ፣ ወንበር ትሁን! ደግነቱ አያ እድሪስ መልሰው አስጥመዋታል። እኔም ብዕሬን አነሳሁና፣ «ጀልባዋ አሁንም እንደሰጠመች ናት፤ ከክረምት በፊት ማውጣት አይቻልም» ብዬ ጻፍኩ። ምኑ ነው ውሸቱ?

ተማሪዎቼ ያን ዓመትም ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። አንድም ያጉረመረመ የለም።