ቁልፉ ሊቀመንበሩ ጋ ነው

የሰው ልጅ እኩል መሆኑን የሚያውቀው ሆዱ ሲረበሽ ብቻ ነው። ይህን የምለው የሥነ ዜጋ መምህር ሆኜ ነው። ሞጣ ውስጥ ስንትና ስንት ዓመት ጥቁር ሰሌዳ ላይ «ዜጎች ሁሉ በሕግ ፊት እኩል ናቸው» እያልኩ ጽፌአለሁ። ተማሪዎቼም ገልብጠውታል፣ ለፈተና ሸምድደውታል። እኔ ራሴ ግን ነገሩ የገባኝ ቢቸና አጠገብ ባለ አንድ የገጠር ቀበሌ፣ የአንድ ቆርቆሮ ሽንት ቤት በር ላይ ሆዴን ይዤ ቆሜ ሳለሁ ነው። አንባቢዬ፣ ቁርስ ላይ ከሆንክ ጋዜጣውን አስቀምጠውና ስትጨርስ ተመለስ፤ አልቀየምህም።

ጊዜው ሚሊኒየሙን ያከበርን ሰሞን፣ ሁሉም ነገር «ሞዴል» የሚባልበት ነበር። ሞዴል አርሶ አደር፣ ሞዴል ማሳ፣ ሞዴል ቀበሌ... ሞዴል ያልሆንነው ደግሞ ከሞዴሎቹ እንድንማር በመኪና እየተጫንን እንወሰዳለን። ይህ የልምድ ልውውጥ ይባላል። የሞጣ ቡድን ወደ ቢቸና ለልምድ ልውውጥ ሲሰናዳ እኔን ከትምህርት ቤት ተዋሱኝ። ሪፖርት ታሳምራለህ ተብዬ ነው።

ሪፖርት ማሳመር ምን እንደሆነ ላስረዳህ። ጉብኝቱ ሐሙስ ነው። የቡድኑ ኃላፊ ወይዘሮ ፀሐይ ሪፖርቱን እንድጽፍ ያዘዘችኝ ሰኞ ነው። ጊዜ ለመቆጠብ ነው አለችኝ፤ እኔም ቆጠብኩ። ያላየሁትን ቤት፣ ያላገኘኋቸውን ሰዎች እያደነቅሁ ሦስት ገጽ ጻፍኩ። «የሞዴል ቤተሰቡ አባላት በዘመናዊው መጸዳጃ ቤት ሌት ተቀን እየተጠቀሙ ይገኛሉ» የሚል ዓረፍተ ነገርም አለበት። ስጽፈው ቅር አላለኝም። እንዲያውም «ሌት ተቀን» የምትለዋን ጨምሬ ራሴን አደነቅሁ።

ሐሙስ ዕለት ቡድኑ ከሰዓት በኋላ በመኪና ሊመጣ፣ እኔ በጠዋት አውቶቡስ ቀድሜ ሄጄ ቤተሰቡን እንዳሰናዳ ተላክሁ። ሃምሳው ነበር፤ ጾም የለም። ደብረ ወርቅ አውቶቡሱ ሲቆም አንድ ብርጭቆ እርጎ ጠጣሁ። ቢቸና ስደርስ ደግሞ መናኸሪያው አጠገብ ዱለት በላሁ። ከዚያ በባጃጅ፣ ከባጃጁ ወርጄ በእግር እየሄድሁ ሞዴል ቤተሰቡ ጋ ስደርስ ዱለቱና እርጎው ሆዴ ውስጥ ተገናኝተው መጣላት ጀምረዋል።

የቤቱ እመቤት እትዬ ስመኝ ይባላሉ፤ ሃምሳ ዓመት የሚሆናቸው፣ ቀጭን፣ ሲናገሩ ፊት ለፊት የሚያዩ ሴት ናቸው። ባለቤታቸው ጋሼ አዳሙ ዝምተኛ ገበሬ ናቸው። ሁለት ለአቅመ ሔዋን የደረሱ ሴት ልጆች አሏቸው። ከጓሮ፣ አረንጓዴ ቀለም የተቀባው ሽንት ቤት ቆሟል። በሩ ላይ «ሞዴል» የሚል ጽሑፍ፣ ከጽሑፉ ሥር የጡጫ ያህል የሚሆን ጓጉንቸር ተንጠልጥሎበታል።

ስለ አመጣጤ ማስረዳት እንደጀመርሁ ሆዴ ንግግሬን አቋረጠኝ። ዙሪያውን ቃኘሁ። የእነማይ መሬት እንደ መዳፍ የተዘረጋ ሜዳ ነው። ግንቦት ስለሆነ ማሳው ሁሉ ታርሶ ጥቁሩ አፈር ተገላብጧል፤ ጥንቸል እንኳ የምትሸሸግበት ቁጥቋጦ የለም። ያለው ዛፍ የቤተ ክርስቲያኑ ነው፤ እዚያ ደግሞ ለእንዲህ ያለ ጉዳይ አይኬድም። የቀረኝ አረንጓዴው ቤት ብቻ ሆነ። እያፈርኩ ቁልፉን ጠየቅኋቸው።

«ቁልፉ ሊቀመንበሩ ጋ ነው» አሉኝ እትዬ ስመኝ።

የቀበሌው ሊቀመንበር እንግዶቹን ሊቀበል ቢቸና ወርዷል። ስሙ ይበልጣል ነው፤ ከማን እንደሚበልጥ ግን ተናግሮ አያውቅም። ግንባሬን ላብ እያጠመቀው፣ ቁልፉ ለምን እሱ ጋ እንደሆነ ጠየቅሁ። እትዬ ስመኝም ረጋ ብለው አጫወቱኝ። ጉድጓዱን ባልና ሚስት ከልጆቻቸው ጋር ሆነው በአንድ በጋ ቆፍረውታል። ቆርቆሮውና ቀለሙ ከቀበሌ መጣ። ያለቀ ዕለት ሊቀመንበሩ ተጨበጨበለት፣ ፎቶ ተነሳ፤ ከዚያ እንግዳ እስኪመጣ እንዳይቆሽሽ ብሎ ቆለፈው። እንግዳ ሲመጣ ይከፍተዋል፣ እንግዳው አንገቱን አስግጎ አይቶ ያደንቃል፣ ተመልሶ ይቆለፋል። እስካሁን የገባበት ሰው የለም።

«ታዲያ እናንተ የት ትሄዳላችሁ?» አልኳቸው።

«ወንዱማ ሜዳው አለለት። እኛ እስኪመሽ እንጠብቃለን።»

ይህን ሲሉ አልሳቁም፣ አላማረሩም። ልጆቻቸው ሽንት እንዳይመጣባቸው ብለው ቀን ቀን ውኃ እንደማይጠጡም ጨመሩልኝ። ሆዴን እንደያዝሁ፣ ቦርሳዬ ውስጥ ያለችው «ሌት ተቀን» ትዝ አለችኝ። ከሁለቱ ቃላት አንደኛው ብቻ እውነት ነበር፤ እሱም ሽንት ቤቱን አይመለከትም።

እኔ ግን እስኪመሽ መጠበቅ አልችልም። አይደለም እስኪመሽ፣ ይህን ዓረፍተ ነገር እስክጨርስ እንኳ የምችል አልመሰለኝም። ጋሼ አዳሙ ፊቴን አይተው ተነሱና ወደ በሩ ሄዱ። በሩን የሠራው አናጢ ማጠፊያ ጎድሎት ኖሮ፣ በጓጉንቸሩ በኩል እንደ ባንክ ያጠበቀውን በር በማጠፊያው በኩል እንደ ዶሮ ቤት በሽቦ አስሮ ነበር የሄደው። ጋሼ አዳሙ ሽቦውን ፈቱ፤ በሩ በተቃራኒው ጎኑ ፈቀቅ አለ፤ እኔም በጠባቡ ሾልኬ ገባሁ። እንግዳ ሰው በሩ ወድቆበት እንዳይዋረድ ብለው ሽቦውን መልሰው ጠበቅ አድርገው አሰሩልኝ። ስጨርስ እንድጣራ ነገሩኝ።

ስለሚቀጥሉት ደቂቃዎች ዝርዝር ውስጥ አልገባም። ቤቱ ንጹሕ መሆኑን ግን መመስከር እችላለሁ። ሞጣ ካለው መኝታ ቤቴ ይልቅ ንጹሕ ነው። ጥግ ላይ ያልተነካ መጥረጊያ፣ ግድግዳው ላይ እጅን መታጠብ እንዳይረሳ የሚያሳስብ ሥዕል አለ።

ጨርሼ ልብሴን አስተካክዬ ድምፄን ዝቅ አድርጌ ጋሼ አዳሙን ተጣራሁ። መልስ የለም። ኋላ እንደሰማሁት በሬያቸው ገመዱን በጥሶ ሄዶባቸው እሱን ሊመልሱ ሮጠዋል። እትዬ ስመኝ ደግሞ ለሆዴ ፌጦ ሊበጠብጡልኝ ቤት ገብተዋል። ሁለተኛ ልጣራ አፌን ስከፍት የመኪና ድምፅ ሰማሁ። ቡድኑ ከተቀጠረው ሰዓት ቀድሞ መጥቷል። በሥራ ዘመኔ ስብሰባም ሆነ ጉብኝት ቀድሞ ሲጀመር ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

እግሮች እየቀረቡ መጡና ከበሩ ፊት ቆሙ። ይበልጣል ጉሮሮውን ጠርጎ ማብራራት ጀመረ። ቀበሌው ከየት ተነሥቶ የት እንደደረሰ፣ ድኻና ሀብታም የሚባል ልዩነት እንዴት እየጠፋ እንደሆነ፣ ይህ ቤተሰብ ሜዳ መውጣትን እንዴት እርግፍ አድርጎ እንደተወ ዘረዘረ። እኔ ከበሩ በስተጀርባ፣ በጨለማው ውስጥ፣ ትንፋሼን ውጬ የሰኞውን ሪፖርቴን ቃል በቃል አዳምጣለሁ። ማን ከማን እንደቀዳ እስካሁን አላውቅም።

አንባቢዬ፣ እኛ አገር ሽንት ቤት የገባ ሰው ኮቴ ሲሰማ ይስላል። ከልጅነቱ የለመደው ነው። እኔ መሳል እንደሌለብኝ አእምሮዬ ያውቃል፤ በውጭ የተቆለፈ ቤት ውስጥ ሰው አይስልም። ጉሮሮዬ ግን ይህን አልተማረምና፣ ራሱን ችሎ ሳለ።

አንዱ በስመ አብ ሲል ሰማሁ።

«ሰው አለ እንዴ?» አለች ወይዘሮ ፀሐይ።

«የለም። ከየት ይመጣል? ቁልፉ እኮ እኔ ጋ ነው» አለ ይበልጣል።

«ቁልፉ እርስዎ ጋ ከሆነ» አለች ወይዘሮ ፀሐይ ቀስ ብላ፣ «ቤተሰቡ የሚገባው በምንድን ነው?»

መልስ ያጣ ሰው እጁን ሥራ ያስይዛልና ይበልጣል ቁልፉን አውጥቶ ጓጉንቸሩን ከፈተው፤ በሩን ሳበው። እኔ ከረባቴን አሥሬ፣ ቦርሳዬን ደረቴ ላይ አቅፌ ቆሜአለሁ። ሌላ የሚባል ነገር ስላልመጣልኝ «እንኳን ደህና መጣችሁ» አልኳቸው።

ይበልጣል አንዴ እኔን፣ አንዴ ጓጉንቸሩን ያያል። ከዚያ ወደ እንግዶቹ ዞሮ የተጠቃሚዎች ተወካይ እንደሆንሁ ሊያስረዳ ሞከረ። ወይዘሮ ፀሐይ ግን ራሷ የላከችው መምህር መሆኔን ነገረችው።

እትዬ ስመኝ ፌጦውን በጣሳ ይዘው ከቤት ሲወጡ ሁሉም ወደ እሳቸው ዞረ። ጋሼ አዳሙም በሬያቸውን እየጎተቱ ደርሰው፣ የሆነው ሲገባቸው ዐይናቸውን መሬት ላይ ተከሉ። አልፈረድኩባቸውም። ማዳበሪያ የሚወስደውን ሰው ስም የሚጽፈው ይበልጣል ነው፤ ለስልጠና የሚጠራው፣ ለድጎማ የሚመዘግበው ይበልጣል ነው። ይህን የማያውቅ ገበሬ የለም። ወይዘሮ ፀሐይ እትዬ ስመኝን ሽንት ቤቱ ኑሯቸውን እንዴት እንደለወጠው ጠየቀቻቸው። ይበልጣል ከኋላዋ ሆኖ በዐይኑ ይለማመጣቸዋል።

እትዬ ስመኝ ጣሳውን መጀመሪያ ለእኔ ሰጡኝ። ከዚያ «እኔ ገብቼበት አላውቅም» አሉ። «ልጆቼም አያውቁም። ጉድጓዱን የቆፈርን እኛ ነን፤ የገባበት ግን ዛሬ መምህሩ ነው። እንዴት እንደሆነ እሱን ጠይቁት።»

ዐይን ሁሉ እኔ ላይ አረፈ። አፌ ፌጦ ሞልቶታል። እንደዚያ የሚያቃጥል ነገር ውጬ አላውቅም፤ ፌጦውን ማለቴ ብቻ አይደለም። በቀልድ ላልፈው እችል ነበር፤ ይበልጣልም እድሜ ልኩን ባመሰገነኝ። ነገር ግን አንዲት ገበሬ ይህን ያህል ከደፈሩ፣ ከረባት ያሠረ የሥነ ዜጋ መምህር ምን ሆኖ ይፈራል? ቤቱ ጥሩ መሆኑን፣ ሪፖርቱ ግን ውሸት መሆኑን፣ የጻፍሁትም ሰኞ መሆኑን ተናገርኩ።

ወይዘሮ ፀሐይ ፊቷ ቀላ። የምትቆጣኝ መስሎኝ ነበር። «እሱንስ አውቃለሁ፤ ያዘዝኩህ እኔ ነኝ» አለችና እጇን ወደ ሊቀመንበሩ ዘረጋች። ይበልጣል ከወገቡ አንድ ዘለላ ቁልፍ አወጣና አንዱን ፈትቶ ሰጣት። የቀሩት የምን የምን ቁልፎች እንደሆኑ የጠየቀ የለም። ወይዘሮ ፀሐይ የተቀበለችውን በቀጥታ እትዬ ስመኝ መዳፍ ላይ አስቀመጠችው።

ጭብጨባ የሚያስፈልገው ሰዓት ይመስል ነበር፤ ግን እሷ ቸኩላለች። ከሞጣ እስከዚያ ድረስ በጠጠር መንገድ ስትናጥ የመጣች ሰው ናት፤ በዚያ ላይ መንገዱን ሙሉ ወንዶች መሐል ተቀምጣ መኪና አስቁሙልኝ ማለት አፍራለች። እትዬ ስመኝን ጠጋ ብላ ፈቃድ ጠየቀች። ከዚያ ሁላችንንም ወደ ሜዳው እንድንዞር አዘዘችን። ዞርን። ከቡድኑ ጋር የመጣ አንድ የግብርና ባለሙያ ስለ ጥቁር አፈር ጠባይ ያስረዳን ጀመር። እሷ ስትወጣ ባለሙያው ራሱ ማብራሪያውን አቋርጦ ገባ፤ ቀጥሎ ሾፌሩ። መጨረሻ ላይ ይበልጣል እትዬ ስመኝ ፊት ቆመ። እሳቸውም ከእግር እስከ ራሱ አዩትና በእጃቸው ግባ አሉት።

እኔ ወደ ሞጣ ስመለስ ሪፖርቱን እንደገና ጻፍሁ። አንድ ገጽ ብቻ ወጣው። ቢሮው አጠረ ብሎ መለሰልኝ፤ ወይዘሮ ፀሐይ ግን ፈርማ አሳለፈችው። ከዚያ ወዲህ ሪፖርት እንዳሳምር የጠራኝ የለም።

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ለራሴ ጉዳይ ቢቸና ወርጄ ገበያ ውስጥ እትዬ ስመኝን አገኘኋቸው። ጤፍ ሸጠው ጨርሰው ስልቻቸውን እያጠፉ ነበር። መጀመሪያ ሆዴን ጠየቁኝ፤ ድኗል አልኳቸው። እኔ ደግሞ ሲያስጨንቀኝ የሰነበተውን ጠየቅሁ፤ ሊቀመንበሩ ቂም ይዞባቸው እንደሆነ። ማዳበሪያውን እንደ ሰው ሁሉ እንደወሰዱ፣ ልጆቻቸው አሁን በቀን ውኃ እንደሚጠጡ፣ የጎረቤት ሴቶችም እየመጡ እንደሚጠቀሙ ነገሩኝ። ይበልጣልም ለስብሰባ ወደዚያ በመጣ ቁጥር ጎራ ይላል።

«ያስገቡታል?» አልኳቸው።

«ኧረ አስገባዋለሁ፤ እንግዳ አይደል?» አሉ። «ቁልፉን ፈልጌ እስካገኘው ነው ትንሽ የሚቆመው።»

ቁልፉ ከማተባቸው ጋር አንገታቸው ላይ ነበር።