ጃንጥላውን የማያውሰው ለጋስ

ዳማ የሚጫወቱበት ሰፈር ሁሉ አንድ ለጋስ አያጣም። ሳታዩት አትቀሩም። ሌላው ሰው አንዲት ጠጠር ስትበላበት ፊቱ ይጠቁራል፤ እሱ ግን በገዛ እጁ ገፍቶ አፋችሁ ሥር ያስቀምጥላችኋል። «ብላ፣ ምን ታፍራለህ፤ ደግሞም ግድህን ነው» ይላችኋል። እውነቱን ነው። በመቶ ቤቱ ዳማ መብላት የቻለ ሰው ሳይበላ ማለፍ አይፈቀድለትም፤ ሁለት መንገድ ካለውም ብዙ ወደሚበላበት መሄድ አለበት። አንዷን ትበላላችሁ። ሁለት ይጨምርላችኋል። አመስግናችሁ ሳትጨርሱ የእሱ አንዲት ጠጠር ከዳር ትነሣና አራት የእናንተን እየዘለለች ለቅማ፣ የመጨረሻው መስመር ላይ ደርሳ ትነግሣለች። ግብዣው የማን እንደነበረ የሚገባችሁ ያን ጊዜ ነው።

የዚህ ሰፈር ለጋስ ሰዓት ጠጋኝ ነበር። «ክቡር ለጋሱ» የሚለውን ስም ያወጣለት ጎረቤቱ ዳቦ ሻጩ ነው፤ ያወጣለትም ግማሹን ለሙገሳ፣ ግማሹን ለስድብ። ክቡርነታቸው ከዳማው ገበታ ውጭ ለሰው አንዳች ነገር ሰጥተው አያውቁምና። ክብሪት የጠየቀውን ሰው ራሱ ይለኩስለትና ቀፎውን ወደ ኪሱ ይመልሳል። ጋዜጣውን ጮክ ብሎ ያነብላችሁ እንደሆነ እንጂ አያውስም። ጃንጥላውማ አይነሣ። እጀታዋ የእንጨት የሆነች ጥቁር ጃንጥላ ነበረችው፤ ሰማዩ ቢቀደድ ከእሱ ሌላ ሰው በሥሯ ቆሞ አያውቅም። «ጃንጥላ የምታውቀው ባለቤቷን ነው» ይላል።

አንድ ቀን ታናሽ ወንድሙ፣ ሱቁ ከእሱ ሱቅ ጎን የሆነው ልብስ ሰፊ፣ የሙሽራ ሱፍ ታቅፎ በዝናብ መጣበት።

«ጋሼ፣ እኔስ ልበስብስ፤ ለሱፉ እዘንለት።»

«አዝኜለታለሁ» አለ ለጋሱ። «አስቀምጠውና አንድ ጨዋታ እንጫወት። ዝናብም ይደክመዋል።»

ተጫወቱ። ልብስ ሰፊው ተሸነፈ። ሙሽራውም ዘገየ።

ልብስ ሰፊው የወንድሙ ተቃራኒ ነበር። ለመንገደኛ እጅጌ ጠቅሞ፣ ቁልፍ ተክሎ፣ «ሂድ፣ ምን አላት» ብሎ ይሸኛል። ዳማ ላይ ግን የሞተ ቆንቋና ነው። የሚጫወቱባቸው ጠጠሮች ከእሱ ሱቅ የወጡ የካፖርት ቁልፎች ናቸው፤ ሃያ ጥቁር፣ ሃያ ነጭ። ምናልባት ለዚህ ይሆናል አንዲቷ ስትነሣበት ጥርሱ የተነቀለ ያህል የሚያመው። እንደ ጫጩት ሰብስቦ ጥግ ለጥግ ያስጠጋቸዋል።

«አንተ ልጅ፣ ለልጅ ልጅ ልታወርሳቸው ነው?» ይለዋል ለጋሱ። «ጠጠር የሚሰጡት ለደግነት አይደለም። ሰውየውን ከቤቱ ለማስወጣት ነው። ሲበላ ይወጣል፤ ሲወጣ በሩን ከፍቶ ይሄዳል። አንተ በበሩ ትገባለህ።»

«የሰጠሁት ባይመለስስ?»

«እሱን ሳታይ መስጠት ልግስና ሳይሆን ሞኝነት ነው።»

እንዲህ ሲባባሉ ሠላሳ ዓመት አለፈ። ልብስ ሰፊው አልፎ አልፎ እኩል ወጥቷል፤ አሸንፎ ግን አያውቅም። አንድ ቀን፣ አንዲት ቀን ብቻ፣ ታላቅ ወንድሙን ማሸነፍ ይመኝ ነበር። ለሚስቱ እንኳ አልነገራትም።

ለጋሱ ዝናቡ ሲገባ ታመመ። ሐኪም ቤት አስተኙት። ልብስ ሰፊው በየቀኑ ከሰዓት በኋላ ሱቁን ዘግቶ፣ ገበታውን በብብቱ ይዞ፣ የምግብ ማቅረቢያዋን ጠረጴዛ ወደ አልጋው እየሳበ ይደረድርለታል።

የመጀመሪያውን ቀን ልብ አላለም። በሁለተኛው ቀን ገባው። ለጋሱ መስጠት ትቷል። ጠጠሮቹን አጠጋግቶ ኮልኩሏቸው፣ አንዷን ከማንቀሳቀሱ በፊት ጣቱን አሳርፎባት ይቆያል። «ብላ» የምትለዋ ቃል ከአፉ ጠፍታለች።

ከተኛ ሁለት ሳምንት ሲሆነው ሊጠይቀው የመጣው ዳቦ ሻጭ፣ «ክቡር ለጋሱ፣ ዛሬ ግብዣ የለም እንዴ?» አለው።

«ዛሬስ ጓዳው ባዶ ነው» አለ ለጋሱ።

ሁለቱ ሳቁ። ልብስ ሰፊው ጠጠር የወደቀበት መስሎ ወደ አልጋው ሥር ጎነበሰ።

በዚያው ቀን ሊወጣ ሲነሣ ዝናቡ መስኮቱን ይደበድብ ነበር።

«ጃንጥላዬን ውሰድ» አለ ለጋሱ።

ልብስ ሰፊው የሰማውን አላመነም። «ሲያባራ እሄዳለሁ፣ ጋሼ።»

«ውሰዳት አልኩህ። እኔ የት ልሄድባት?»

ሐኪሙ ለሁለት ሳምንት ሲያድበሰብስ የከረመውን ነገር ጃንጥላዋ ነገረችው። ተቀብሎ ወጣ። ግን አልዘረጋትም። ክንዱ ሥር ሸጉጦ፣ ከራስ ጸጉሩ እስከ ጫማው እየበሰበሰ ቤቱ ገባ። ቢዘረጋት በነገሩ የተስማማ መሰለው።

በሳምንቱ፣ አንድ ሐሙስ፣ ልብስ ሰፊው በነጭ ይጫወት ነበር። ለጋሱ እንደ ሰሞኑ ጥቁሮቹን መሐል ላይ አጭቋቸዋል። ድንገት ልብስ ሰፊው አያት። አንዷን ቢሰጥ፣ ቀጥሎ ሁለት ቢሰጥ፣ ከዳር ያለችው ነጭ አራት ለቅማ ትነግሣለች። መላልሶ ቆጠረ። ትክክል ነው። እጁ ወደ ጠጠሯ ሄደና ተመለሰ። የታመመ ሰው ምን ማሸነፍ አለው ብሎ አሰበ፤ ሌላ፣ ማንንም የማትጎዳ ጠጠር ሊነካ እጁን ዘረጋ።

ለጋሱ የእጁን አንጓ ያዘው። ጣቶቹ ቀዝቃዛ ነበሩ።

«አይተሃታል።»

«ምኗን?»

«አትዋሽ። ፊትህ ከልጅነትህ ጀምሮ ምሥጢር አይዝም።»

«ጋሼ፣ ደክሞሃል። ነገ እንጨርሰዋለን።»

«ሠላሳ ዓመት ያበላሁህ ለዚች ቀን ነው። ዛሬ ከራራህልኝ ያን ሁሉ በከንቱ በላህ ማለት ነው። ስጥ።»

ሰጠ። ለጋሱ በላ። ሁለተኛዋን ገፋ፤ ለጋሱ የግዱን ሁለት በላ።

«ብላ በለኝ እንጂ» አለ ለጋሱ። «ወግ አለው።»

«ብላ፣ ጋሼ። ምን ታፍ...»

ልብስ ሰፊው የዳሯን ነጭ አንሥቶ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት እያለ ዘለለና መጨረሻው መስመር ላይ አሳረፋት። ለጋሱ የጠገነውን ሰዓት እንደሚያዳምጥ አንገቱን ዘንበል አድርጎ ገበታውን ለረጅም ጊዜ ተመለከተ። ከዚያ ከበላቸው ነጮች አንዷን አነሣና ባሸነፈችው ላይ ደርቦ አነገሣት።

«ዘገየህ» አለ። «ግን ደህና ሰጠህ።»

ከዚያ ወዲያ አልተጫወቱም። በአሥረኛው ቀን ቀበሩት።

ዛሬ ገበታው በልብስ ሰፊው ሱቅ፣ ከስፌት መኪናው አጠገብ ነው። ተጋጣሚው ዳቦ ሻጩ ነው፤ ኑሮውም ምሬት ሆኗል። ልብስ ሰፊው እንደ ጉድ ይሰጣል። «ብላ፣ ምን ታፍራለህ» ይለዋል፤ ዳቦ ሻጩ በልቶ ሳይውጥ ይሸነፋል። «ይሄ ነገር በዘር ነው እንዴ?» እያለ ያማርራል።

ትናንት ጨዋታው አልቆ ሊሄድ ሲነሣ ዝናብ ጣለ። ዳቦ ሻጩ ቅርጫቱን አንሥቶ ከስፌት መኪናው ኋላ ምስማር ላይ የተሰቀለችውን ባለ እንጨት እጀታ ጃንጥላ አየ። ከተሰቀለች ጀምሮ ተዘርግታ አታውቅም።

«ጎረቤት፣ እስቲ ያቺን ጃንጥላ። ዳቦው ሊርስ ነው።»

ልብስ ሰፊው ጃንጥላዋን አያት፤ ዝናቡን አየ።

«ሦስት ጠጠር ልስጥህ» አለ።

«ጠጠር ዳቦ ይሸፍናል?»

«አይሸፍንም» አለና ነጮቹን መደርደር ጀመረ። «እንግዲያው ቁጭ በል። ዝናብም ይደክመዋል።»