ሁለት ማራገቢያ ለአንዲት ሙሽራ

(ታይናን ከተማ፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት። ሙቀቱ ከአሁኑ ሰው ያቀልጣል። ጂንቱ ሠላሳ ዓመት ታክሲ የነዳ፣ ከእኔ በላይ መኪና አዋቂ ላሳር ባይ ሰው ነው። ዛሬ ወንድ ልጁን ይድራል፤ ሙሽራዋን አምስት ሰዓት ላይ የሚያመጣት በዚችው አሮጌ ታክሲው ነው። ከትናንት ከሰዓት ጀምሮ ግን የመኪናዋ አየር ማቀዝቀዣ፣ ኤሲው፣ እሳት ይተፋል። ኮፈኗ ተከፍቷል፤ የፊት ፍርግርጓ ላይ ወፍራም ቀይ የሰርግ ከፋይ ጨርቅ ታስሯል። የሚስቱ ወንድም ሹንፋ፣ ነገር ቶሎ አይገባውም የሚባለው፣ ብሎን በሳህን ይዞ ከፊቷ ቆሟል።)

ሹንፋ፦ ጠሟል።

ጂንቱ፦ አልጠመመም!

ሹንፋ፦ ጋሼ ጂንቱ፣ ከፊት ለፊቱ የቆምኩት እኔ ነኝ። ጨርቁ በግራ በኩል ወርዷል።

ጂንቱ፦ የወረደው የአንተ ትከሻ ነው! እኔ እዚህ የኤሲውን ኮምፕሬሰር ታቅፌ አንተ ስለ ጨርቅ ታወራለህ?

ሹንፋ፦ ላቃናው?

ጂንቱ፦ እንዳትነካው! የሰርጉን ቀን የመረጠልን ቀን ቆጣሪ ምን አለ? ሙሽራዋ ሳትገባ ቋጠሮው ከተፈታ ትዳሩም አብሮ ይፈታል። ይልቅ ብሎን አቀብለኝ። ሁለተኛውን።

ሹንፋ፦ (ሳህኑን ያዞረዋል) ሳህኑ ክብ ነው እኮ፤ አንደኛው የቱ ነው?

ጂንቱ፦ ወይ የሚስቴ ወገን! ረጅሙን ስጠኝ! (ያጠብቃል።) በል አሁን መምጠጫውን አስነሳ። መጀመሪያ ውስጥ ያለው አየር ይወጣል፤ የሚያቀዘቅዘው ጋዝ ከዚያ በኋላ ነው የሚሞላው።

ሹንፋ፦ ሊያስወጡት አየሩን ለምን አስገቡት?

ጂንቱ፦ ማንም አላስገባውም! ቧንቧውን ስንፈታ ነው የገባው።

ሹንፋ፦ ለምን ፈታነው?

ጂንቱ፦ ስለማይቀዘቅዝ ነዋ!

ሹንፋ፦ ትናንት ጠዋት እኮ…

ጂንቱ፦ ዝም በል፣ መለኪያውን ላንብብበት!

(መምጠጫው ያጉረመርማል። ጂንቱ ላቡን በክንዱ ይጠርግና በጥቁር ዘይት ግንባሩን ይኩላል። ልቡ ያለው ሌላ ቦታ ነው፤ የሙሽራዋ እናት ትናንት፣ «ልጄ እዚያ ምድጃ ውስጥ ገብታ ኩሏ አይቀልጥም፤ ካልቀዘቀዘ ሌላ መኪና እከራያለሁ» ብለውታል።)

ጂንቱ፦ ሹንፋ፣ ልጄን ከተወለደበት ሆስፒታል ወደ ቤት ያመጣሁት በዚህች መኪና ነው። ሚስቱንም በሷ ካላመጣሁለት አንጀቴ ነው የሚቆረጠው። በሰው መኪና ከመጣች እኔ እዚህ ሰርግ ላይ አልቀመጥም።

ሹንፋ፦ አይዞህ ጋሼ። ወንበር እይዝልሃለሁ።

ጂንቱ፦ እህህ! ቆይ፣ ኪስህ ውስጥ ያለው ምንድን ነው?

ሹንፋ፦ ማራገቢያ። ሙሽራዋ ከናቷ ቤት ስትነሳ በመኪናው መስኮት የምትወረውረው።

ጂንቱ፦ እና ሁለት?

ሹንፋ፦ ሁለት።

ጂንቱ፦ አይ አንተ! ክፉ አመሏን እዚያው ጥላ ትምጣ ተብሎ እኮ ነው። ለአንድ ሙሽራ አንድ ይበቃል። ደግሞ ስንት አመል ሊኖራት ነው?

ሹንፋ፦ ሁለተኛው የሷ አይደለም።

ጂንቱ፦ የማንም ይሁን፣ ጋዙን ወዲህ በል! (ቀስ እያለ በልኩ ይሞላል። ሞተሩን ያስነሳና ገብቶ መዳፉን አየር መውጫው ላይ ያደርጋል።)

ሹንፋ፦ ቀዘቀዘ?

ጂንቱ፦ የሩዝ እንፋሎት! መለኪያውን እይልኝ።

ሹንፋ፦ ቀስቱ ወደ ላይ ወጥቶ ወጥቶ መውጫ አጥቷል።

ጂንቱ፦ እንዴት ይሆናል? በቃ፣ እንደገና ይፈታ!

ሹንፋ፦ ለሦስተኛ ጊዜ? ጋሼ፣ ትናንት ጠዋት እኮ…

ጂንቱ፦ ዝም በል አልኩህ! ላስብበት።

(ጂንቱ መሪው ላይ ተደፍቶ ያስባል። ሹንፋ ግን የጠመመው ጨርቅ ዓይኑን አላስቀምጥ ብሎታል፤ አጎንብሶ ከታች በኩል ከፍ አድርጎ ይይዘዋል። ትንሽ ይቆያል።)

ጂንቱ፦ (ብድግ ሲል ጭንቅላቱ ከጣሪያው ጋር ይጋጫል) ቀዘቀዘ! ሹንፋ፣ በረዶ ሆነ! ምን አደረግክ?

ሹንፋ፦ (ደንግጦ ጨርቁን ይለቃል) ምንም! እጄን አልሰነዘርኩም!

ጂንቱ፦ (ቆይቶ) ሞቀ! ያደረግከውን መልሰህ አድርግ!

ሹንፋ፦ እንዳትነካው ብለኸኝ…

ጂንቱ፦ ንካው!

(ጨርቁ ከፍ ይላል፤ አየሩ ይቀዘቅዛል። ዝቅ ይላል፤ ይሞቃል። ጂንቱ ቀስ ብሎ ከመኪናዋ ይወርዳል።)

ጂንቱ፦ አፍንጫዋን አፍነናት ነው። ፊቷ ላይ ንፋስ ካላገኘች በምን ትቀዝቅዝ!

ሹንፋ፦ እኔም ጉንፋን ሲይዘኝ እንደዚሁ ያተኩሰኛል።

ጂንቱ፦ ትናንት ጠዋት፣ ትናንት ጠዋት ስትል የነበረው… ምን ነበር?

ሹንፋ፦ ትናንት ጠዋት ማራገቢያ ልገዛ በሷ ስሄድ በርዶኝ ሹራብ ደርቤ ነበር። ከሰዓት አንተ ጨርቁን አሰርክላት። ከዚያ ሞቀች።

ጂንቱ፦ ጤነኛዋን አጋድሜ ሁለት ጊዜ ሆዷን ቀደድኩት በለኛ!

ሹንፋ፦ ሦስተኛውን ልትጀምር ነበር።

(ኮፈኑን ዘግተው፣ ቋጠሮውን ሳይፈቱ ጨርቁን ወደ ላዩ ይስቡታል። የጂንቱ ስልክ ይጮኻል፤ የሙሽራዋ እናት ናቸው። ጂንቱ ደረቱን ይነፋል።)

ጂንቱ፦ አቤት እመቤቴ! … አዎ፣ ሹራብ ይደርቡላት! … እንዴት አበጀኸው ነው የሚሉኝ? ኧረ ይሄ የእውቀት ሥራ ነው። በሹንፋ ምክር ብንሄድማ እስካሁን ብሎን እንለቅም ነበር! … መጣን፣ መጣን! (ይዘጋና መሪው ጋ ይቀመጣል።) ግባ እንጂ ሹንፋ፣ ምን ይገትርሃል?

ሹንፋ፦ (አንዱን ማራገቢያ በመስኮት ያቀብለዋል) እንካ።

ጂንቱ፦ ምን ላድርገው? ቀዝቅዟል እኮ!

ሹንፋ፦ እሷ በቀኙ መስኮት ስትወረውር፣ አንተ በግራው ወርውር።